ነሐሴ 30

ስልኩ የተደወለው መስከረም 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ደዋይዋ ዌብሳይቱን የምንከታተልለት የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጸሐፊ ናት። «ኢሜይል ካየን አምስት ቀን ሆነን። በዓል ስለሆነ ነው ብለን ዝም አልን። አሁን ግን አንድ ጀርመናዊ በዋትሳፕ ‹የምልክላችሁ ሁሉ ይመለስብኛል› አለን» አለችኝ።

ዌብሳይታቸውን ከፈትኩ። የሰሜን ተራሮች ፎቶ መኖር በነበረበት ቦታ የርካሽ ሆቴልና የጫማ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ዶሜይኑ፣ ማለትም ዌብሳይቱም ኢሜይሉም የሚሠሩበት ስም፣ ጊዜው አልፎ ይሆን? ደብተሬን ገለጥኩ። በራሴ እጅ «መስከረም 5» ተብሎ ተጽፏል። ገና ሦስት ቀን አለው።

ግድግዳው ላይ ባንክ የሰጠን ካላንደር ተሰቅሏል፤ የኛው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ የታተመበት። ጠጋ ብዬ ሴፕቴምበር 5ን ፈለግኩ። ነሐሴ 30 ሥር አገኘሁት። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኑን ስመዘግብ ሴፕቴምበርን መስከረም ብዬ ገልብጬዋለሁ። የ11 ቀን ስህተት። ላብ አጠመቀኝ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። የዶትኮም ስም ጊዜው ባለፈ ማግስት አይጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ ባለቤቱ የተለመደውን ከፍሎ ያድሰዋል። ችግሩ «ባለቤቱ ማነው?» የሚለው ላይ ነበር።

ስሙ የተገዛው በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያኔም እንደ ዛሬው እዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ጣጣ ስለነበር የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት የእህት ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሆኖ በራሱ ካርድ ገዛላቸው። አጎቱን ላለማስቸገር ብሎ የሚፈቀደውን ከፍተኛውን፣ አሥር ዓመት፣ በአንድ ጊዜ ከፈለ። ወደ 100 ዶላር። ደግ ሥራ ነበር። ነገር ግን ያስመዘገበው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስምና በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ነው። መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ መሥሪያ ቤቱም ተዘግቷል። «ሊያበቃ ነው» የሚሉት ማሳሰቢያዎች ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ሄደዋል።

ያ አሥር ዓመት ደግሞ ተራ አሥር ዓመት አልነበረም። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ነው፤ ስሙ ሲገዛ ግን ገና አንድ ፎቶ ለመላክ ሻይ የሚያስጠጣ ነበር። ዌብሳይት ለብዙ ሰው እንደ ቢዝነስ ካርድ ነበር፤ ቢኖርም ባይኖርም። ከዚያ ቢሮዎች ብሮድባንድ አስገቡ። መጋቢት 2007 አዲስ አበባ ላይ 4ጂ ተጀመረ። ነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። የድርጅቱ አስጎብኚዎች ደባርቅ ሆነው በስልካቸው ለእንግዳ መልስ መስጠት ጀመሩ። ስልክና ፋክስ ላይ የነበረው ሥራ ቀስ በቀስ ተጠቃሎ ያቺ አንዲት ስም ላይ ገባ። በላንድክሩዘሮቹ በር ላይ የተጻፈችው እሷ ናት። ብሮሸሩ ላይም እሷው ናት። የመቶ ዶላሯ ስም ሳናውቀው የድርጅቱ ዋና በር ሆናለች፤ እኛ ግን ቁልፉ የማን እጅ እንዳለ አንድም ቀን አልጠየቅንም። ወቅቱ ደግሞ መስከረም ነው። ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚሉ እንግዶች የሚጽፉበት ወር።

መዝጋቢው ድርጅት ከተዘጋው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ አምጡ አለን። የእህታቸው ልጅ ሥራ እያቋረጠ ስልክ ላይ ዋለ። ፓስፖርቱን ላከ፤ የድሮ ደረሰኝ ፈልጎ ላከ። የነሱ ጠዋት የኛ ማታ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ቀን እንዘገይ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ስሙ ለጨረታ ወጣ። ይሄ በስምምነታቸው ውስጥ የተጻፈ ነው፤ አንብበነው አናውቅም። አሥር ዓመት ጎብኚ የለመደውን ስም እየፈለጉ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ፤ አንዱ ወሰደው። በሳምንቱ ዋጋውን ነገረን፤ 2,500 ዶላር።

ይህን ለባለቤቱ ለመንገር ፒያሳ ቢሯቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ደብተሩን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «የገዛ ስሜን ነው የምገዛው?» አሉ። አልተቆጡም። መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር።

መክሰስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ለዚህ የሚሆን ዓለም አቀፍ የዳኝነት ሥርዓት አለ፤ ነገር ግን ዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ በአንድ ዳኛ ለማስታየት ብቻ 1,500 ዶላር ይጠይቃል። በዚያ ላይ የንግድ ምልክት መብትና የገዢውን ክፉ ሐሳብ ማስረዳት ይፈልጋል። የሳቸው ስም የቦታ ስም ላይ «ቱር» የሚል የተጨመረበት ነው፤ አስመዝግበውትም አያውቁም። አያዋጣም አልኳቸው።

እርሳስ አነሱና አሰሉ። አሥራ ሁለት ቀን የሚቆዩ አራት እንግዶች ስንት ያስገባሉ? ከዚያ «ክፈልና ጨርስ» አሉ። በ1,900 ዶላር ተስማማን። የእህታቸው ልጅ «የኔም እጅ አለበት» ብሎ ገንዘቡን አገናኝ ድርጅት ዘንድ አስያዘ። ነጋዴው ስሙን ሲለቅ ገንዘቡ ተለቀቀለት። ከአምስት ሳምንት በላይ የጻፉልን እንግዶች ግን የት እንደገቡ አላወቅንም።

ስሙ የተመለሰ ዕለት ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ባለቤት በሚለው ቦታ የሳቸውን ስም፣ የድርጅቱን ስልክ፣ ከዶሜይኑ ውጭ የሆነ ኢሜይላቸውን አስገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አረጋገጡ። በዚያው ሳምንት በንግድ ፈቃዳቸው የኢትዮጵያውን «ዶትኮም ዶት ኢቲ» ስምም በብር እንድናስመዘግብ አዘዙ።

የማብቂያው ቀን አሁን ሴፕቴምበር 5 ቀን 2029 ነው። ደብተሬ ላይ «ነሐሴ 30 ቀን 2021» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ የፈረንጁን ቀን። ከዚያ የሚደወልላቸው ሰዎች ስልክ፦ የኔ፣ የጸሐፊዋ፣ የሳቸው። ጋሼ ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ። «ያኔ እኔ ልኑር አልኑር ማን ያውቃል» አሉና የልጃቸውን ስልክ በቃላቸው ነገሩኝ። አራተኛ አድርጌ ጻፍኩት።