አስም ይዞኝ መሮጥ፦ መድኃኒቴንና ሕጉን እንዴት አስማማሁ

አስም አለብኝ። የምተዳደረው ደግሞ በሩጫ ነው። ባሕር ዳር የሚሠለጥኑ ታናናሾቼ "መድኃኒት ከወሰድኩ በአበረታች ቅመም ሕግ እቀጣለሁ" ብለው ሕመማቸውን ሲደብቁ አያለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። የታመመ አትሌት መታከም ይችላል። የሚወስደውን ግን ማወቅና ወረቀቱን መያዝ አለበት። እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሕመሜ በወረቀት እንዲሰፍር አደረግሁ። "ደረቷን ያፍናታል" የሚል ካርድ ብቻ ይዞ የትም አይደረስም። ሐኪሜን በትንፋሽ መለኪያ እንዲመረምረኝ ጠየቅሁት። መሣሪያው ውስጥ በኃይል ይተነፈሳል፣ ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ይወሰዳል፣ ትንሽ ተቆይቶ እንደገና ይተነፈሳል። ልዩነቱ በቁጥር ይወጣል። ያንን ወረቀት እንደ ፓስፖርቴ ነው የማስቀምጠው።

ቀጥሎ ፓፉ። ውስጡ ያለው የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ነው፤ በፓፍ ሲወሰድ በልኩ ይፈቀዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1600 ማይክሮግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። የእኔ ፓፍ አንዴ ሲጫን 100 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ ስለዚህ በ8 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ ማለት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይኼ ነው፦ ያው ሳልቡታሞል በክኒን ወይም በሽሮፕ ሲሆን ውድድር ኖረም አልኖረም የተከለከለ ነው። መድኃኒቱን ወደ ጉም ለውጦ በጭንብል በሚያስተነፍሰው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር፣ የሚሰጠውም መጠኑ ትልቅ ስለሆነ በቀላሉ ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ "ሳልቡታሞል ይፈቀዳል?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በምን መልኩ፣ ስንት፣ መቼ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ጭንቅ ውስጥ የገባሁት አስም ሲጠና በሚታዘዘው የስቴሮይድ ክኒን፣ በፕሬድኒሶሎን ነው። ጭስና አቧራ በበዛበት ወቅት ሕመሙ ጠናብኝ፤ ፓፉ አልያዘልኝም። ውድድር ደግሞ ደርሷል። ሐኪሙን "ዶክተር፣ እኔ አትሌት ነኝ፤ የምታዝልኝን ለአትሌት ከተከለከሉት መድኃኒቶች ዝርዝር ጋር እንየው" አልኩት። አልተቆጣም። ስልኬን ተቀብሎ አብሮኝ አነበበ። ፕሬድኒሶሎን በሚዋጥ መልኩ በውድድር ጊዜ ይከለከላል፤ ከውድድር ውጭ አይከለከልም። የውድድር ጊዜ የሚባለው ደግሞ ከዋዜማው ማታ 5፡59 ጀምሮ ነው። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ መድኃኒቱ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያስፈልገውን ጊዜ አስቀምጧል። ለሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን 3 ቀን ነው። "መጀመሪያ ትንፋሽሽ" አለኝ ዶክተሩ፣ "ውድድር ሌላም አለ።" ጀመርኩት። የመጨረሻውን ክኒን ከወሰድኩ በኋላ ቀኑን ቆጥሬ ነው የሮጥኩት። ማዘዣውን፣ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ቀን፣ የሐኪሙን ማስታወሻ ይዤ ሄድኩ።

ቀኑ ባይበቃ ኖሮ ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ፣ እኛ ቲዩኢ የምንለውን፣ እጠይቅ ነበር። አገር ውስጥ ለሚወዳደር ጥያቄው ለኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ይቀርባል፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሰ አትሌት ደግሞ ወደ ዓለም አትሌቲክስ ይሄዳል። ቢያንስ ከውድድሩ 30 ቀን በፊት ማመልከት ያስፈልጋል። ለሞት በሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ግን ሕክምናው ይቀድማል፤ ማመልከቻው ቶሎ ይከተላል። ፈቃዱ በልመና አይገኝም። በሽታው መረጋገጥ አለበት፣ የተፈቀደ ሌላ አማራጭ መታጣት አለበት፣ መድኃኒቱ ጤናን ከመመለስ ያለፈ ጉልበት የሚጨምር መሆን የለበትም። የትንፋሽ ምርመራዬ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

አሁን ስለ ግሉኮስ ልናገር፤ እዚህ አገር ከምንም በላይ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጣና ዙሪያ ወባ ይነሳል። የወባው መድኃኒት ኮአርተም አይከለከልም። ችግሩ አብሮት የሚሰቀለው ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነርሷ "የኔ እህት፣ ደክሞሻል፣ ግሉኮስ ልስቀልልሽ" አለችኝ። በደግነት ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ግን ንጥረ ነገሩ ምንም ይሁን ምን የተከለከለ ነው፤ የማይከለከለው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በምርመራ ሂደት ሲሰጥ ብቻ ነው። ግማሽ ሊትሩ ከረጢት የልኩ አምስት እጥፍ ነው። መጠጣት እችል ስለነበር "እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ኦ አር ኤስ ስጪኝ" አልኳት። መጠጣት ያቃተው፣ የሚያስመልሰው ሰው ግን ሆስፒታል ይሂድና ይታከም፤ ያደረጉለትንም ያጽፍ። ነፍስ የሚያድን ሕክምና አሻፈረኝ አይባልም።

ፋርማሲ ውስጥም አንድ ልማድ አለኝ። ከካርቶኑ ወጥቶ በትንሽ ፖስታ የተሰጠ ክኒን አልቀበልም። ስሙ የት አለ? ማሸጊያውን ፎቶ አነሳለሁ፣ በደብተሬ ላይ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ለአበረታች ቅመም ምርመራ የሽንት ናሙና ስንሰጥ በቅጹ ላይ ባለፉት 7 ቀናት የወሰድነውን እንጠየቃለን። ያኔ ደብተሬን ገልጬ አነባለሁ። መጻፉ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ሰውነታችን ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። አሠልጣኙም ሐኪሙም ማናጀሩም አይተኩንም። ይህ ከባድ ሕግ ነው፤ ግን ንጹሕ ሆኖ የሚሮጠውንም የሚጠብቀው እሱ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ። ለምሳሌ ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው ትራማዶል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት በአትሌቲክስ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ገና ከመድረሱ በፊት ቤት ያሉኝን መድኃኒቶች ሁሉ አውጥቼ ከአዲሱ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። አብረውኝ የሚሮጡት ልጆችም የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቡና አፍልተን አብረን እናነባለን።