ያልተሰረዘው መስመር

ብሪቲሽ ላይብረሪ የሄድኩት ስርዝ ፍለጋ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ የእንግሊዝ ቴአትር ሳንሱር ነው። እዚያ አገር ከ1737 እስከ 1968 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ተውኔት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቅጂው ለፈቃድ ወደ ሎርድ ቻምበርሌን (የቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሹም) ቢሮ ይላክ ነበር። መጀመሪያ 14 ቀን፣ ከ1843 ወዲህ 7 ቀን ቀድሞ።

ገና ከመነሻው ተሳሳትኩ። በ1790ዎቹ የታየ ተውኔት ለንደን ውስጥ ስፈልግ ሳምንት ሙሉ ባከንኩ። ለካ እስከ 1824 ያለው ክምችት ካሊፎርኒያ፣ ሀንቲንግተን ላይብረሪ ነው! በቢሮው የተውኔቶች መርማሪ የነበረው ጆን ላርፐንት ቅጂዎቹን እጁ ላይ አስቀርቷቸው ኖሮ፣ ሲሞት ተሸጡ። ለንደን ያለው ከዚያ ወዲህ የገባው ነው። እኔም ርእሴን ወደ 1830ዎቹ ገፋሁት።

ቀጥሎ ስም አታለለኝ። የቴአትሩ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ርእስ ይዤ ብፈልግ ብፈልግ የለም። በቴአትር ቤቱና በወሩ ስገባ ግን ተገኘ፤ በሌላ ርእስ። ከተላከ በኋላ ስሙን ቀይረውታል። ያረጋገጠችልኝ ከፊት የተያያዘችው የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ናት። አሁን ማንኛውንም ጥራዝ ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ደብዳቤውን ነው።

ከዚያ ወደ ስርዙ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ ያለው እርሳስ ብቻ። ስርዝ ባየሁ ቁጥር «ሳንሱር» ብዬ እመዘግባለሁ። 40 ገደማ ሲደርስ አንድ ገጽ ላይ እጄ ቆመ። የተሰረዘው ዐረፍተ ነገር ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ እንዳለ ተጽፏል፤ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም። ገልባጩ መስመር ዘልሎ ነበር፤ ሲነቃ ሰርዞ በቦታው ጻፈው። በቃ፣ ይኸው ነው። ወደኋላ ተመልሼ ስፈትሽ ግማሹ ዝርዝሬ ፉርሽ ሆነ።

የእውነተኛው ሳንሱር ምልክት ሌላ ጠባይ አለው። በሌላ ቀለም ይመጣል፤ አንዲት ቃል ላይ ይንጠለጠላል። ከ1824 እስከ 1836 መርማሪ የነበረው ጆርጅ ኮልማን «ሰማይ» እና «መልአክ» የሚሉ ቃላት ያስቆጡት ነበር። አፍቃሪ ፍቅረኛውን «መልአኬ» ሲላት እንኳ ይሰርዛል። የሚያስቀው፣ ሰውየው ራሱ ጸሐፌ ተውኔት ነው፤ የገዛ ድርሰቶቹም መሐላ የሞላባቸው ናቸው።

በመጨረሻ የአንዱን ተውኔት የታተመ ቅጂ ከላይብረሪው ቅጂ ጋር አስተያየሁ። ሕጉ መድረክን እንጂ ኅትመትን አይነካም ነበር። መጽሐፉ ውስጥ አንድ አገልጋይ በሹማምንት ላይ የሚሳለቅበት ገጽ ተኩል ንግግር አለ። ለፈቃድ በተላከው ቅጂ ላይ ግን የስርዝ ምልክት እንኳ የለም። ገልባጩ ካለፈው መስመር ወደሚቀጥለው በዚያው ንጹሕ እጁ አልፏል።