ብርሌ ከነቃ በኋላ፦ ጎንደር ላይ የመስታወት ጥበብ ሥልጠናና ዐውደ ርዕይ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

በምሠራበት መስታወት ቤት በር ላይ አንድ በርሜል አለ። የመስኮት ትርፍራፊ፣ ሲቆረጥ መስመሩን የሳተ፣ ከመኪና ሲወርድ የተሰነጠቀ ሁሉ እዚያ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት በአጠገቡ ስመላለስ ከጥራጊ ያለፈ ነገር አልታየኝም ነበር። አንድ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ ተደጋግፈው የቆሙት ቁራጮች ጠርዛቸው እንደ ጥልቅ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ፊት ለፊት ሲያዩት ቀለም የሌለው የመስኮት መስታወት በጠርዙ በኩል አረንጓዴ የሚሆነው አሸዋው ውስጥ ባለች ጥቂት የብረት ኦክሳይድ ምክንያት ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ቀን እጄን ሰድጄ አንዱን ቁራጭ አወጣሁና ቤት ይዤው ገባሁ።

ከዚያች ቁራጭ ተነስቼ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዙር ሥልጠናና አንድ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቻለሁ። «ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ወጣቶች ስለበዙ፣ የሠራሁትንም የተሳሳትኩትንም ልጻፈው አልኩ።

መስታወት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ ቅብና ከቬኒስ በመጣ መስታወት ያጌጠ እንደነበር በግቢው የሚያስጎበኝ ሁሉ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆይቷል። እዚያ ቆሜ ባዶዎቹን መስኮቶች ባየሁ ቁጥር ግድግዳው ላይ ብርሃን እንዴት ይጫወት እንደነበር አስባለሁ። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወትም በፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ነው። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን ባለቀለም መስታወት ከውጭ ሳላስመጣ፣ ከዚያ በርሜል ብቻ ምን ይወጣል የሚል ነበር።

መጀመሪያ ያስፈለገኝ እቶን ነው። መስታወትን በቧንቧ እየነፉ መሥራት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሳያቋርጥ የሚነድ እሳት ይፈልጋል፤ ያ አቅም አልነበረኝም። ቁራጮችን ደራርቦ በሙቀት ማያያዝ ግን ይቻላል። የመስኮት መስታወት ወደ 760 ዲግሪ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ 810 አካባቢ ሁለቱ ንብርብር አንድ ይሆናል። ሰፈራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ ሰው አሉ። ሄጄ «ጋሼ፣ መስታወት የሚጋግር ምጣድ ይሠሩልኛል?» አልኳቸው። «ስንት ዲግሪ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆይተው «ሽቦው ይችላል፤ የማይችለው ቤቱ ነው» አሉ። ቤቱን እሳት በሚችል ጡብ ሠራነው። ውስጡ 40 በ40 ሴንቲሜትር ሲሆን የሚጠቀመው ኃይል ከእንጀራ ምጣድ አይበልጥም፣ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ምክር የእሳቸው ነው፤ ሽቦውን ሳይሆን ግድግዳውን አወፍር አሉኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች እቶኑ 740 ላይ ደርሶ ቆመ። ሽቦው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ደግሞ የሚጠፋው ሙቀት ሩብ ያህል ነው፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ የምትመስለው ልዩነት ብዙ ትወስዳለች። ከዚያ ወዲህ የምለኩሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሲተኛ ነው።

አሁን ስለ ትልቁ ስህተቴ። ግልጽ መስታወት ላይ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ደርድሬ ጋገርኩት። ሲወጣ እጅግ የሚያምር ነበር፣ የደረቀ ማር የነካው ውሃ ይመስላል። ለሁሉም አሳየሁ፣ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። በሦስተኛው ሌሊት ማንም ሳይነካው «ጣ!» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። የመስኮቱ መስታወትና የጠርሙሱ መስታወት ሲሞቁ የሚለጠጡት፣ ሲበርዱ የሚኮማተሩት እኩል አይደለም። በእሳት ተጋብተው በብርድ ይጓተታሉ። ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች እንኳን ፋብሪካቸው ከተለያየ ላይስማሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሕጌ አንድ ሆነ፦ ለአንድ ሥራ አንድ መስታወት፣ ከአንድ ሉህ ወይም ከአንድ ጠርሙስ ብቻ።

መወጠሩን ሳይሰነጠቅ በፊት ማየት ይቻላል፣ መሣሪያውም ቤት ያለ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ እከፍታለሁ፣ ፖላራይዝድ የሆነ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር እይዝና ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ አዞረዋለሁ። ከዚያ የተጋገረውን መስታወት በመሃል አስገባለሁ። ጤነኛ ከሆነ አብሮ ይጨልማል፤ ውስጡ የተወጠረ ከሆነ ቁራጮቹ በተያያዙበት ዙሪያ ነጭ ብርሃን ይፈነጥቃል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሳይፈተሽ ከቤቴ የወጣ ሥራ የለም።

ቀለሙን ታዲያ ከየት አመጣሁ? ከተቃጠለ ሞተር ጥቅልል የወጣ የመዳብ ሽቦ በሁለት መስታወት መካከል ሲጋገር አንዳንዴ እንደ ደም ይቀላል፣ አየር ካገኘው ደግሞ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሄዳል። ከሁሉ የምወደው ግን ቅጠሉ ነው። ጃን ተከል ዋርካው ሥር የወደቀ ቅጠል አነሳሁና መጽሐፍ ውስጥ አደረቅኩት፣ በሁለት ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት መካከል አስተኛሁት። እቶኑ ሲከፈት ቅጠሉ የለም፤ ነጭ አመዱ ግን ከነጅማቱ፣ ትል ከበላት ቀዳዳ ጋር፣ መስታወቱ ውስጥ ቀርቷል። ያልደረቀ ቅጠል ትልልቅ አረፋ ያወጣል፤ የደረቀውም ቢሆን 650 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆም ማለት ይፈልጋል፣ አየሩ እንዲወጣ።

ማብረዱ ከማጋሉ ይረዝማል። ከ810 ቶሎ ብሎ ወደ 550 ይወርዳል፣ እዚያ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ በሰዓት 50 ዲግሪ እየቀነሰ እስከ 370 ይሄዳል። ቀሪውን ራሱ ይብረድ። ክዳኑ የሚከፈተው በባዶ እጅ መንካት ሲቻል ነው። ከምጣድ ሠሪው ምክር ጋር የተገናኘሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሌሊት፣ የዘጠኝ ሠልጣኞች ሥራ ውስጥ እያለ፣ 540 ላይ መብራት ጠፋ። ክዳኑን አልነካሁም። የተረፈንን የሴራሚክ ጥጥ ክዳኑ ላይ ደራርቤ፣ ክፍተቶቹን ደፍኜ፣ ቁጥሩ ሲወርድ በባትሪ እያየሁ አነጋሁ። ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ በሰዓት ከ60 ዲግሪ ብዙም ሳይበልጥ አወረደው። አንድም አልተሰነጠቀም።

ጎድጎድ ላለ ሳህን ቅርጽ መያዣ ያስፈልጋል። ለዚያ ወለቃ ሄድኩ። ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን በሸክላ የታወቁባት መንደር ናት፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሸክላ ሥራው እዚያው ቀጥሏል። አንዲት እናት ሥዕሌን አይተው «ልጄ፣ ይህ ትንፋሽ የለውም» አሉኝና የሸክላውን መሃል በሰንበሌጥ በሱት። አየሩ በዚያ ካልወጣ መስታወቱ ሥር ይታፈናል። የመጀመሪያውን ቅርጽ ቸኩዬ ሳይደርቅ ስላስገባሁት እቶን ውስጥ ፈነዳ፤ እሳቸው ግን ሌላ ሲሰጡኝ የጠየቁኝ «ስንት ቀን ጸሐይ አየ?» ብቻ ነበር።

ወደ ሥልጠናው ስመጣ፣ በመጀመሪያው ዙር 20 ሰው መዘገብኩ። ስህተት ነው። እቶኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 12 በ12 ሴንቲሜትር የሆኑ ዘጠኝ ሥራዎች ነው፤ የቀሩት ሥራቸውን ለማየት አንድ ሳምንት ጠበቁ፣ ግማሾቹም ተስፋ ቆርጠው ሳይመለሱ ቀሩ። አሁን ዘጠኝ ሰው ብቻ እቀበላለሁ፣ ዛሬ የሠራችሁትን ከነገ ወዲያ ነው የምታዩት ብዬም ሲመዘገቡ እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሙሉ በጥራጊ ላይ መስመር ማስመር ብቻ እንሠራለን። የመቁረጫው ትንሽ መንኮራኩር ላምባ ይነከራል፣ አንዴ ከተጀመረ ሳይነሳ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለቴ አይታለፍም። ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ ትክክለኛው ግፊት እንደ ሐር ጨርቅ መቀደድ ያለ ቀጭን ድምፅ አለው። ከዚያ መስመሩን በሁለት አውራ ጣት መካከል ይዞ ወደ ታች ቀለበስ ማድረግ ነው። አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ በመጀመሪያ ሙከራዋ ቀጥ አድርጋ ስትሰብረው እኔ ዓመት የፈጀብኝን እጇ አስቀድሞ ያውቀው እንደነበር ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ምልመላዬ ሠዓሊዎችን ብቻ አይፈልግም፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ጸጉር ሠሪ ይመጣል።

ሁሉም መስታወት አይቆረጥም። አንድ ልጅ ከመኪና በር የወጣ መስታወት ይዞ መጣ፤ ገና ሲጫነው ጠረጴዛው ላይ እንደ ጨው ተበተነ። የተጠናከረ መስታወት ገጹ ታምቆ ውስጡ ተወጥሮ ስለሚሠራ አንድ ቦታ ሲነካ ሁሉም ይለቃል። መነጽር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ። ነጠላ ጫማ ያደረገን አላስገባም፣ ጠርዝ የምንሞርደው በውሃ እርጥብ አድርገን ነው፣ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ቡናው ደግሞ የግድ ነው፤ ጎንደር ላይ ሰው ጠርቶ ቡና ሳያፈሉ አይሆንም። ረከቦቱን ግን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ፈንዲሻና የመስታወት ስባሪ በአንድ ክፍል ሊኖሩ አይገባም።

ዐውደ ርዕዩን ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ በተከራየሁት አዳራሽ ከፈትኩ። ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥራዎቹን ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስተኛኋቸው። ሰው ገባ፣ አየ፣ ወጣ። ማንም ቆም አላለም። ማታ ተቀምጬ ሳስበው፣ መስታወትን እንደ ሥዕል ገጹን እያበራሁ ነው ያሳየሁት፤ እሱ የሚታየው ብርሃን ሲያልፍበት ነው። ሌሊቱን ሁሉንም በቀጭን ሽቦ የምሥራቅ መስኮት ላይ ሰቀልናቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወለሉ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ልጆች ቀለሙን በእግራቸው እየረገጡ ይሮጡ ነበር። ከሠልጣኞቼ አንዷ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ዓይኖች በመዳብ ሽቦ አውጥታ ነበር። አንዲት አሮጊት ከሥራዋ ሥር ቆመው አማተቡ፣ ረጅም ጊዜም አልተንቀሳቀሱም። ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ግን ለውጥ ያየ ሰው አልነበረም።

መተላለፊያውን ግን አጥብቤዋለሁ። አንድ ሥራ በአንድ እንግዳ ጋቢ ጫፍ ተይዞ ወደቀ። ዝቅ ብሎ የሚሰቀል ነገር ካለ ሁለት ሰው ከነጋቢያቸው ሊተላለፉ የሚችሉበት ቦታ መተው አለበት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት በነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት የተሰበረ ብርሌ ነው፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የነበረ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ብያቸው ነበር፣ እምቢ አሉኝ» አለ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «አንገቷን እንዳታጠፋው» አሉኝ። ሌላ መስታወት ሳልቀላቅል የራሷን ስባሪ ብቻ ደረብኩ፤ አንድ ንብርብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር፣ በተፈጥሮው ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት መሄድ ይወዳልና። አንገቷን መሃል ላይ አቆምኳት፣ 780 ላይ ብቻ አቆየሁት፣ ክቡ እንዳይጠፋ።

ሰኞ መጥተው ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዙት፣ ጣታቸውን በክቡ ዙሪያ አንዴ አዞሩት።

«ይቺ አፏ ናት» አሉ።