ቫዞውን ቀየርኩ፤ መሃሉን ግን አላየሁም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ኦርኪድ ተሰጥቷችሁ መስኮት ዳር ላስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ልንገራችሁ።

የእኔዋ ፋላኖፕሲስ ናት። ሱቅ ውስጥ አዘውትራችሁ የምታዩዋት፣ ሰፋፊ ወፍራም ቅጠል ያላት፣ በረጅም ዘንግ ላይ ቢራቢሮ የመሰሉ አበቦች የምትደረድረዋ። (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 ስሙን ያወጣላት ብሉም የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ግን የታየው ቢራቢሮ ሳይሆን የእሳት እራት ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው።) ሦስት ወር ያህል አበበችልኝ። ከዚያ አበቦቹ አንድ በአንድ ረገፉ። ዘንጉ ደረቀ፤ ቆረጥኩት። አሁን ቫዞ መቀየሪያዋ ነው አልኩ።

እዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም። ጊዜው ያ ነው። አበባ ላይ እያለች ከነካካችኋት እምቡጧን ልታራግፍ ትችላለች። አበባው አልቆ አዲስ ቅጠል ወይም ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ብቅ ሲል ግን ተክሏ ራሷ ሥራ ጀምራለች፤ አዲሱን ቤቷን ቶሎ ትለምዳለች። ሥር ከቫዞው ወጥቶ መንጠልጠሉን አይታችሁ ብቻ “ጠበባት” አትበሉ። ዛፍ ላይ ተጣብቃ፣ ሥሯን አየር ላይ ለቃ የምትኖር ተክል ናት፤ ተፈጥሮዋ ነው። ዋናው ምልክት የተተከለችበት የዛፍ ቅርፊት ነው። በጣታችሁ ስታሹት እንደ አፈር ከፈረሰ አልቆለታል። የፈረሰ ቅርፊት ውሃ ይይዛል፣ አየር ይዘጋል፤ ሥሩ ይታፈናል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። መቀስ፣ የኦርኪድ ቅርፊት፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ቫዞ። ቅርፊቱን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የመቀሱን ስለት በእሳት ለብልቡና አቀዝቅዙት፤ ቫይረስ በተክል ጭማቂ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል፣ አልኮል ደግሞ ሁሉንም አይገድልም። ተክሏን ከማውጣታችሁ በፊት ሥሯን ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ አጠጡት፤ ይለሰልሳል። ደረቅ ሥር ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አንዱን ሰብሬ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ።

ኦርኪዷ ስትመጣ ቫዞው ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ተሰክቶ ነበር። “ሥሩን ሳይነኩ እንዳለ ወደ ትልቅ ቫዞ ያዛውሩ” ይላል። ቅርፊቱን የሸጠኝንም ልጅ ጠየቅሁት። “ምንም አትንኪ፣ እንዳለ ነው የምታስገቢው” አለኝ፤ ስልኩን እያየ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ስለተናገሩ አመንኩ።

ከቫዞው ሳወጣት ሥሯ እንዴት ያምር ነበር! ወፍራም፣ ብርማ፣ ጫፉ አረንጓዴ። ዳር ዳሩን የነበረውን ቅርፊት አራገፍኩ። መሃል ላይ ሥሮቹ ጥቅጥቅ ብለው አንድ ነገር አቅፈው ይዘዋል። ትንሽ ቡናማ እብጠት ነገር። “ሥሩን ሳይነኩ” ተብሏል። አልነካሁም። በአዲሱ ቫዞ መሃል አስቀመጥኳት፣ ዙሪያዋን ቅርፊት ሞላሁ፣ ፎቶ አነሳኋት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እንዴት ኮርቼ እንደነበር ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

በአምስተኛው ሳምንት የታችኛው ቅጠል ተሸበሸበ። ከዚያ ከላዩ ያለው። ወፍራም የነበረው ቅጠል ለምለምነቱ ጠፍቶ እንደ አሮጌ ቆዳ ሆነ። በግልጹ ቫዞ በኩል ሥሩን አየሁ፤ ብርማ ነው። ብርማ ማለት ደረቅ ማለት ነው። የኦርኪድ ሥር ቬላሜን የሚባል እንደ ስፖንጅ ያለ ሽፋን አለው። ውሃ ሲጠጣ ከሽፋኑ በታች ያለው አረንጓዴ ይታያል፣ ሲደርቅ ወደ ብርማ ይመለሳል። ይህን አውቃለሁ። አንብቤያለሁ። ስለዚህ ውሃ አጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሥሩ እንደገና ብርማ ሆነ። እንደገና አጠጣሁ። ቅጠሉ ባሰበት። “በጣም ጠምቷት ነው” ብዬ ቫዞውን እንዳለ ገንዳ ውስጥ ነከርኩት።

ቢሮ ውስጥ ብዙ ኦርኪድ ያሳደጉ ትልቅ ሰው አሉ። ፎቶውን አሳየኋቸው።

“መሃሉን አይተሽዋል?” አሉኝ።

“የቱን መሃል?”

“የሥሩን መሃል። ልጄ፣ ይቺ ውሃ አልጠማትም። ውሃ እየገደላት ነው።”

ደግሞ ቅር አለኝ እኮ! ሥሩ ብርማ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ተከራከርኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። “ቫዞውን አንሺና በእጅሽ መዝኚው” ብቻ አሉኝ። ማታ አነሳሁት። ከባድ ነው። ደረቅ ቅርፊት የሞላው ቫዞ እንደዚያ አይከብድም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ቫዞውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የረጋ የቦይ ውሃ ሽታ። ቅርፊቱ ዳር ዳሩን ደረቅ ነው፤ መሃል ላይ ያ ቡናማ እብጠት ጭምቅ ሳደርገው ውሃ ተፋ። ለካ ችግኟ ገና ትንሽ እያለች የተተከለችበት የታመቀ ሞስ ነው (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል)፤ ለስላሳ የመረብ ቅርጫትም አቅፎታል። አምራቾቹ ችግኙን እንዲህ ባለ ኩባያ ወይም በስፖንጅ ቁራጭ ያሳድጉትና ሲያድግ እንዳለ ትልቅ ቫዞ ውስጥ ከትተው ዙሪያውን ቅርፊት ይሞሉታል። ለእነሱ ይመቻቸዋል፤ በማሽን ይቻላል፣ ውሃም ይይዝላቸዋል። ቤት ስትገባ ግን ዙሪያው በሁለት ቀን ይደርቃል፣ መሃሉ ለሳምንታት እንደራሰ ይቆያል። ግልጽ ቫዞ ደግሞ የሚያሳያችሁ ዳሩን ነው። እኔ ደረቁን ዳር እያየሁ፣ የራሰውን መሃል አጠጣ ነበር።

የበሰበሰ ሥር ስትነኩት ታውቁታላችሁ። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ሽፋኑ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ የቀረው እንደ ክር የቀጠነ ነገር ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። አሥራ አራት ሥር ቆጠርኩ፤ ጠንካራው አምስት ብቻ ነው። ቅጠሉ ለምን ተሸበሸበ ስትሉ መልሱ ይኸው። የሚጠጣበት ሥር የለውም። ጥማትና የሥር መበስበስ ቅጠል ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ይህን በካርዱ ላይ ቢጽፉት ስንት ተክል ይተርፍ ነበር!

መረቡን በመቀስ ቆርጬ፣ ሞሱን በጥርስ መፋቂያ እየነቀስኩ አወጣሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የላሸቀውን ሥር እስከ ጤነኛው ቆረጥኩ።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራሁ፤ ይህኛው ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ቀረፋ ፈንገስ ይከላከላል የሚል ምክር በሁሉም ቦታ ታገኛላችሁ። እኔ ደግሞ ሲፈራ የሚያበዛ ሰው ነኝ። ሥሩን በሙሉ ዱቄት አለበስኩት። ቀረፋ ያደርቃል። የተቆረጠው ቁስል ላይ ብቻ ብነካካው ምንም አልነበር፤ ጤነኛው ሥር ላይ ግን እርጥበቱን መጠጠው። ከአምስቱ ሁለቱ በሳምንት ውስጥ ደርቀው ተጨማደዱ። ሦስት ቀሩኝ። ለሞት የደረሰች ተክል ላይ የወጥ ቤቴን ቅመም ሁሉ አራገፍኩባት ማለት ነው። አሁን ቀረፋ አልጠቀምም። የተቆረጠ ሥር አንድ ቀን አየር ላይ ቢያድር ራሱ ይደርቃል።

ትንሽ ቫዞ ወሰድኩ፤ ከቀረው ሥር እምብዛም የማይበልጥ። ትልቅ ቫዞ ለኦርኪድ ደግነት አይደለም፤ ሥር የሌለበት ቅርፊት ሳይደርቅ ይቆያል። ቅርፊቱን ሞላሁና ቫዞውን ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ አሰፈርኩት። የግንዷ አንገት ከላይ እንዲቀር አደረግኩ። ስትነቀነቅ ትንሽ እንጨት አስደግፌ አሰርኳት፤ የምትወዛወዝ ተክል አዲስ ሥር አትይዝም። ሰፊ የፕላስቲክ ከረጢት በላይዋ ላላ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ የቅጠሏ ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ። ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኛት ቦታ አኖርኳት። ማዳበሪያ የለም። ሥር የሌላትን ተክል ማዳበር ሆዱን የታመመን ሰው ድግስ እንደመጥራት ነው።

ሰባት ሳምንት ምንም አልሆነም። ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። እንዳይበሰብስ የፈራሁት እምብርቷ ነበር፤ ፋላኖፕሲስ የምታድገው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፣ ያ ጫፍ ከበሰበሰ ወደ ላይ የምትሄድበት የላትም። ስለዚህ ከላይ ውሃ አላፈሰስኩባትም። አንድ ጠዋት ከታች በኩል፣ ከቅጠሉ ሥር፣ አንዲት ፍንጣሪ የምታክል አረንጓዴ ጫፍ አየሁ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ አየሁት። ሥር ነው። ቢሮ ለነበሩት ሰውዬ ላክሁላቸው። “እሰይ” ብቻ ብለው መለሱ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፤ ካርዱ የሚለውን ተቃራኒ። አዲስ ኦርኪድ ቤት ስትገባ አበባዋ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቅርፊቱ አዲስ ቢሆንም፣ ሁለት ዓመት ባይሞላትም፣ ሁሉንም አወጣለሁ። መሃሉን እስከ መጨረሻ። “ሥሩን አትንኩ” የሚሉት ለአብዛኛው የአፈር ተክል ጥሩ ምክር ነው፤ ለኦርኪድ ግን ከውስጥ ያለውን ስፖንጅ አትዩት ማለት ነው። ትንሽ ሥር ይሰበር ይሆናል። ይሰበር። ከመበስበስ ይሻላል። አየር ላይ ያሉትን ሥሮች ግን ቫዞ ውስጥ አልጎትትም። አየር የለመደ ሥር ቅርፊት ውስጥ ሲታሰር ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል። ሦስት ቀን ያህል ውሃ አልሰጥም፤ ቁስሉ እንዲደርቅ። ከዚያ በኋላ ውሃ የማጠጣው ቫዞውን መዝኜ፣ ቀጭን እንጨት እስከ መሃል ሰክቼ ነው። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ፣ ሥሩ ምንም ያህል ብርማ ቢሆን አላጠጣም።

በረዶ ኩብ አስቀምጡ የሚለውን ምክር ደግሞ ሰምታችኋል። ሙቅ ደን ውስጥ የበቀለች ተክል ሥር ላይ በረዶ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ አይገባኝም። ለብ ያለ ውሃ ስታገኝ ደስ ይላታል።

የመጀመሪያዋ ኦርኪድ በዚያ ዓመት አላበበችም። በሚቀጥለው ዓመት ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ከቅጠሏ ሥር አንድ ዘንግ ወጣ። አምስት አበባ ብቻ። ስትመጣ አሥራ አንድ ነበሯት።

በቅርቡ ሌላ ኦርኪድ ተሰጠኝ፤ ወይን ጠጅ ናት። ካርዱን አውጥቼ ሳላነበው ጣልኩት። እንጨቴን መሃል ላይ ሰካሁ። ከመጣች አሥራ ስድስት ቀኗ ነው፣ አንድ ጊዜም አላጠጣኋትም። እንጨቱ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ወጣ። መቀሱን አዘጋጅቼ የመጨረሻዋ አበባ እስክትረግፍ እየጠበቅሁ ነው።