ሩጫ ይበትነናል፣ ሸክም ይሰበስበናል

አብሮ መነሣት ቀላል ነው፤ ከባዱ አብሮ መድረስ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በባሕር ዳር ማለዳ መሮጥ ከጀመርን ወዲህ የዚህን ያህል ያሰብሁበት ጉዳይ የለም። ሊነጋ ሲል፣ ለዐሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንገናኛለን፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን የሚገቡትን እያሳለፍን ሰውነታችንን እናሟሙቃለን፤ ከዚያም በዘንባባዎቹ ሥር ወደ አባይ ድልድይ ዱብ ዱብ እንላለን። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ይደምቃል። ቆየት ሲል ግን ጉልበት እንደየሰው ነውና እግሩ የፈጠነው ወደ ፊት ይሳባል፣ ትንፋሽ ያጠረው ይዘገያል፣ መኻል ያለውም የፊተኛውን ልከተል ወይስ የኋለኛውን ልጠብቅ እያለ ሲያመነታ ብቻውን ይቀራል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ ሆኖ የተነሣው ቡድን ተበትኖ እያንዳንዱ ከራሱ ትንፋሽ ጋር ብቻ ቀርቷል።

ይህን የምለው ሩጫን ለመንቀፍ አይደለም። ባሕር ዳር ለሯጭ የተመቸች ከተማ ናት፤ መንገዷ ሜዳ ነው፣ ጥላዋ ብዙ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለእግረኛ ሰፊ መተላለፊያ ስላለው ከመኪና ጋር መጋፋት ቀርቷል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ የቀነሰ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል፤ ከቆላ አገር ለሥራ የመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሐይቅ ዳር ሶምሶማ ሲሮጥ ደረቱ ይነግረዋል። ስለዚህ ከእኛ ጋር ለሚጀምር ሁሉ የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፤ እየሮጥህ ማውራት ካቃተህ ፍጥነትህን ቀንስ። ማክሰኞንና ሐሙስን የሩጫ ቀን ያደረግነው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ጾም በመሆናቸው ነው። ከመካከላችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምሱ አሉ፤ ማለዳ ላብ በላብ ሆኖ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ እስከዚያ መቆየትን ነርሷ ጓደኛችን አጥብቃ ትቃወማለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ችግሩ የእኛ አለመመጣጠን ነው። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል ወጣት። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ነርሷ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ በቀጥታ ወደ እኛ የምትመጣበት ጊዜ አለ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ደግሞ በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ለጋሼ የሚስማማው ሩጫ ለወጣቱ ከእርምጃ አይቆጠርም፤ እሱ የሚሮጠውን ደግሞ እሳቸው መቶ ሜትር እንኳ አይከተሉትም። ወጣቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲጠብቃቸው ጋሼ ይከፋቸው ነበር። «እኔን አትጠብቀኝ፤ ሂድ ልጄ፣ ማለዳህን አታበላሽ» ይሉታል፤ እሱም ትቷቸው መሄዱ ነውር ይመስለውና በግማሽ ልብ ይሮጣል። የሁለቱም አሳብ ደግ ነበር፤ መላ ግን አልነበረውም።

መላው የተገኘው ክብደት ተሸክሞ ከመራመድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩጫውን ትተን፣ በጀርባ ቦርሳ የተለያየ ክብደት አዝለን በፈጣን እርምጃ እንጓዛለን፤ በእኛ ዘንድ የሸክም ቀን ይባላል። ነገሩ በወታደሮች ዘንድ የቆየ ልምምድ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ለምሳሌ የእግረኛ ጦር ብቃት ባጅ ለማግኘት የሚፈተን ወታደር 12 ማይል፣ ማለትም 19 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 16 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ በ3 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርስ ይጠይቃል። እኛ ግን ክብደቱን የምንፈልገው አቅማችንን ለማቀራረብ ነው። ባጃጅ ነጂው 15 ኪሎ ይሸከማል፣ መምህሩ 10፣ ነርሷና እኔ 7 ወይም 8፤ የጋሼ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። እርምጃችን ግን አንድ ነው፤ ላባችንም እኩል ነው።

ምክንያቱን ያስረዳን መምህሩ ነው። ፓንዶልፍ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ ሸክም ይዞ የሚራመድ ሰው የሚያወጣው ጉልበት የሚሰላው ከገዛ ክብደቱ፣ ከተሸከመው ክብደት፣ ከፍጥነቱ፣ ከአቀበቱና ከመሬቱ ዓይነት ነው። አብረን ስንሄድ ፍጥነቱም፣ አቀበቱም፣ መሬቱም ለሁላችንም አንድ ነው፤ የገዛ ክብደታችንን በአንድ ማለዳ ልንለውጠው አንችልም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ልናደርግለት የምንችለው ሸክሙን ብቻ ነው። በሩጫ ቀን የጉልበት ልዩነት በፍጥነት ይገለጣል፣ ፍጥነት ሲለያይ ደግሞ ሰውም ይለያያል። በሸክም ቀን ልዩነቱ ቦርሳ ውስጥ ይገባና ሰዎቹ አብረው ይቀራሉ። እኔ ከሩጫም ሆነ ከእርምጃ ካገኘሁት ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ፤ ወጣቱ በእውነት ይደክማል፣ ጋሼ በእውነት አብረው ይሄዳሉ፣ ማንም ለማንም ብሎ ጉልበቱን አይቆጥብም።

ውጤቱ በጨዋታችን ላይ ታይቷል። አባይን ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ስንወጣ፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ እስክንደርስ ድረስ፣ ጋሼ መኻል ሆነው ያወጋሉ፤ ዛሬ አስፋልት የሆነው የትኛው መንገድ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀር እንደነበር፣ ዘመዶቻቸው ከዘጌ በታንኳ ሲመጡ የት ይወርዱ እንደነበር ይነግሩናል። ወጣቱ በሩጫ ቀን ከእሳቸው ጋር ሁለት ቃል አይለዋወጥም ነበር፤ አሁን ግን ልጃቸው እስኪመስል ድረስ ተላምደዋል፤ የባጃጅ ዕዳውን እንዴት እንደሚከፍል ያማከረውም እሳቸውን ነው።

ስለ አስተሻሸጉ ትንሽ ልበል፤ ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ነውና። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ውኃ ሲሞላ ሁለት ኪሎ ነው፤ የውኃው ጥቅም ደግሞ መንገድ ላይ ሲከብድ ሊደፋ፣ ሲጠማም ሊጠጣ መቻሉ ነው። ዋናው ነገር ክብደቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ለዚህም አሮጌ ጋቢ በደንብ አጥፈን ከቦርሳው ሥር እናደርግና ጠርሙሶቹን እላዩ ላይ እንደረድራለን፤ የተረፈውን ክፍተት እንዳይንገጫገጩ በጨርቅ እንወትፈዋለን። ማንገቻው ትከሻን አጥብቆ ከያዘ ጣት ይደነዝዛል፣ እጅን ይነዝራል፤ ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ ተጫነ ማለት ነውና ወዲያው ማላላት ነው። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ደግሞ ፈጽሞ አንፈቅድም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ደብተር እንኳ በየቀኑ በአንድ ወገን ሲያዝ በሰውነት አቋም ላይ ይህን ያህል ምልክት ከተወ፣ የአሸዋ ጠርሙስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከፍ አድርጎ ማሰርን ያስተማረችን ግን ከቤዛዊት ቁልቁለት ላይ ያገኘናት እናት ናት። ጭራሮ በገመድ አስራ አዝላ፣ አንገቷን ወደ ፊት ቀልሳ ወደ ገበያ ትወርድ ነበር፤ ደክሟት ሸክሟን ከድንጋይ ላይ አሳርፋ ስትቆም እኛ ደረስን። ቦርሳዬ ወገቤ ላይ ወርዶ ሲንገላታ አየችና «ልጄ፣ ከፍ አድርገህ እሰረው እንጂ፤ ወደ ታች ከሳበህ ወገብህን ነው የሚቆርጥህ» አለችኝ። ቀርባ በገዛ እጇ ሁለቱንም ማንገቻዎች ሳበችና አሳጠረችልኝ፤ ቦርሳው ወዲያው ቀለለኝ። ምን እንደተሸከምን ጠየቀችን። አሸዋ መሆኑን ነርሷ ስትነግራት አልሳቀችም፤ «ለጤና ከሆነማ ጥሩ ነው» ብላ እንድናሸክማት ለመነችን። ወጣቱና መምህሩ ሸክሟን ከፍ ሲያደርጉላት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ፤ ከእኛ ቦርሳዎች አንዱም የሚወዳደረው አልነበረም።

የአፍሪካ እናቶች አሸካከም የሳይንስ ሰዎችንም አስደንቋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶች እስከ ሰውነታቸው ክብደት አንድ አምስተኛ የሚደርስ ሸክም ይዘው ሲራመዱ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚራመዱበት ጊዜ የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። ሉዎዎቹ በራሳቸው፣ ኪኩዩዎቹ በግንባራቸው ላይ በሚያርፍ ማሰሪያ በጀርባቸው ነው የሚሸከሙት። ይሁንና ጥናቱ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ክብደት ጉልበት እንደሚጠይቅም አሳይቷል፤ የዚያች እናት ጭራሮ ደግሞ ከአንድ አምስተኛ እጅግ ያልፋል። እኛ ሲደክመን ውኃውን እንደፋለን፤ እሷ የምትደፋው የልጆቿን ራት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ መንገድ ለቀን ዳር እንቆማለን፣ አሸክሙኝ ለሚልም እናሸክማለን፤ ይህን ማንም ደንብ አድርጎ አልጻፈውም።

አሸዋውን ይዞ መሮጥ እንዴት ነው ብለው የሚጠይቁን አሉ። አይሆንም። የሚራመድ ሰው ሁልጊዜ አንድ እግሩ መሬት ላይ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ግን ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ይለቁና ሲያርፍ ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል እግሩን ይመታዋል። በዚህ ላይ 10 ኪሎ ሲጨመር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ሸክም ይነሣል፣ ከሳምንታት በኋላ ብቻ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፤ ቁልቁለት ላይም እርምጃውን ያሳጥራል።

ሌላው ጥንቃቄ የጉማሬ ነገር ነው። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል፤ ይኸውም እኛ የምንነሣበት ሰዓት ነው። በእሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ዕጣው ክፉ ስለሆነ፣ ሰማዩ በደንብ እስኪገልጥ ድረስ ከአስፋልቱ አንወርድም፤ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ወገንና ቄጤማ የበዛበትን ዳር ፀሐይ ሳትወጣ አንጠጋም። በመስከረምና በጥቅምት፣ ሐይቁ በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ ወደ መንገዱ ሲቀርብ፣ ይህንን የበለጠ እናጠብቃለን።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በከተማዋ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ማለዳችን ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን በየግቢያችን ቦርሳ አዝለን እንዞር ነበር፤ ከ7 ኪሎ 5 አድርጌ እንኳ ሸክሙ ከወትሮው ይከብደኝ ነበር፤ ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ነው። እንደገና ስንገናኝ ጋሼ ይዘው የመጡት በሶ ነበር፤ ከማር ጋር በጥብጠው በትልቅ ጠርሙስ፣ ለሁላችንም።

አሁን የምንከራከርበት ጉዳይ ወደ ጢስ አባይ የሚደረገው ጉዞ ነው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ሲመች፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ ቀን በእግር ደርሰን በመኪና ልንመለስ አስበናል። ወጣቱ የቅዳሜ ሸክማችን እንዳለ ይሁን ይላል። እኔና ነርሷ ለዚህን ያህል ርቀት ሸክሙ በግማሽ ይቀነስ፣ እሱም አሸዋ ሳይሆን የምንጠጣው ውኃና የምንበላው በሶ ይሁን ባይ ነን፤ እንዲህ ከሆነ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ቦርሳው ይቀላል። መምህሩ ለየሰዉ የሚገባውን ኪሎ በወረቀት ላይ እያሰላ ነው። ጋሼ 3 ኪሎዬ አይቀነስብኝ ብለዋል፤ እስካሁን ያላሳመንናቸው እሳቸውን ነው።