የበዓል አስቤዛ በብስክሌት

ዛሬ የበዓሉን አስቤዛ በጭነት ብስክሌት ጠቅልዬ ገባሁ። ኮፐንሃገን ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ደስ የሚል ቀን ነበር። ከፊት ሁለት ጎማ፣ በመሃላቸው የጣውላ ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ የጤፍ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ቀበቶዋን ያሰረች ልጄ። ሦስት ጎማ ስላለው መብራት ላይ ስትቆሙ አይወድቅም። መታጠፊያ ላይ ግን ቀስ ነው፤ በፍጥነት ከዞራችሁ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳል።

ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1984 መሥራት የጀመሩት እዚሁ ክርስቲያኒያ ሰፈር ያሉ ሰዎች ናቸው። ሰፈሩ መኪና አይገባበትም፤ ዕቃ ግን መመላለስ አለበት።

ከሁሉ የምወደው ልጄ ፊት ለፊቴ መሆኗን ነው። ያየችውን ውሻ ሁሉ እየጠቆመች ስታወራኝ መንገዱ አለቀ።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፤ ሕዝባቸውም ብስክሌት ያውቃል። ጋሪ የሚሠሩ ብየዳ ቤቶቻችን ይህ አያቅታቸውም ብዬ ከልቤ አምናለሁ። እዚያ በብየዳ ሥራ ላይ ያለ ወዳጅ ያላችሁ ታግ አድርጉልኝ፤ የፍሬሙን ልኬትና ፎቶ እልካለሁ።