ዊንዶውስ ላይ የሠራው ፓይተን ኡቡንቱ ላይ እምቢ ሲል

አዳማ ላይ ተማሪዎች የቡድን ፕሮጀክት በፍላሽ ሲቀባበሉ ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ ያደርጉታል፤ ቬንቩም (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየው የፓይተንና የላይብረሪዎች ፎልደር) አብሮ ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የነበረው ኮድ የሌላው ኡቡንቱ ላይ «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ኮዱ ምንም አልሆነም። ቬንቭ ከተሠራበት ማሽን አይወጣም፦ የፓይተኑ አድራሻ ውስጡ ተጽፏል፣ ዊንዶውስ ላይ «ስክሪፕትስ» የሚባለው ፎልደር ሊኑክስና ማክ ላይ «ቢን» ነው፣ እንደ ነምፓይ ያሉት ላይብረሪዎችም ለአንድ ሲስተም ብቻ ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎች አሏቸው።

ፍላሹ ላይ መሄድ ያለበት ኮዱና ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛው) በ«ፒፕ ፍሪዝ» ትእዛዝ የሚያወጣው የላይብረሪ ዝርዝር ነው። ቬንቩን ተቀባዩ እዚያው አዲስ ይፍጠር። ዳታ ከሌለው፣ ኢንተርኔት ባለበት ማሽን በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ዊሎቹን (ለመጫን የተዘጋጁትን የላይብረሪ ፋይሎች) አውርዳችሁ በፍላሽ ስጡት፤ እሱ «ኖ-ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ-ሊንክስ» የሚሉትን የፒፕ አማራጮች ጨምሮ ከፎልደሩ ይጭናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፒፕ ዝም ከተባለ የሚያወርደው ለራሱ ማሽን የሚስማማውን ነው። ከዊንዶውስ ለባለ 64 ቢት ኡቡንቱ ስታወርዱ «ፕላትፎርም» በሚለው አማራጭ ላይ የማኒሊኑክስ 2014ን (የሊኑክስ ዊሎች መለያ ነው) ስም፣ የተቀባዩን ፓይተን ቁጥርና «ኦንሊ-ባይነሪ» ጨምሩ። ለፓይተን 3.10 ኮምፓይል የተደረገ ዊል ፓይተን 3.12 ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጫንም።

ላይብረሪው ተጭኖም «የለም» ከተባለ፣ ደግማችሁ አትጫኑ፤ ዳታ ከመብላት ሌላ ፋይዳ የለውም። ኮዱ መጀመሪያ ላይ ሲስን ኢምፖርት አድርጋችሁ «ሲስ ነጥብ ኤግዚኪዩተብል»ን ፕሪንት አድርጉ፤ ኮዱን የሚያስኬደው ፓይተን የቱ እንደሆነ ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ሁለትና ሦስት ፓይተን መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ፒፑ በአንዱ ይጭናል፣ ኤዲተሩ በሌላው ያስኬዳል። መፍትሔው ፒፕን ለብቻው አለመጥራት ነው፦ የወጣውን የፓይተን አድራሻ ጽፋችሁ «-ኤም ፒፕ ኢንስቶል» አስከትሉ። ከ23.04 ወዲህ ያለ ኡቡንቱ ከቬንቭ ውጭ በፒፕ መጫን ይከለክላል። ክልከላውን በኃይል የሚያልፈውን አማራጭ አትጠቀሙ፤ የሲስተሙን ፓይተን ሊያበላሽ ይችላል።

ስምም ያሳስታል። «ፒሎው» ተብሎ የተጫነው ላይብረሪ ኮዱ ውስጥ «ፒል» ተብሎ ይጠራል፣ «ሳይኪት-ለርን» ደግሞ «ኤስኬለርን»። የራሳችሁን ፋይል «ራንደም» ብላችሁ ከሰየማችሁ ፓይተን ከራሱ ሞጁል በፊት የእናንተን ያነሣል።

ፊደል ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ የፋይሉን ስም ከትልቅ ወደ ትንሽ ፊደል ብትቀይሩ ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) ለውጡን ላያየው ይችላል፤ ሊኑክስ ላይ የሚወርደው የድሮው ስም ይሆንና ኢምፖርቱ ይወድቃል። በ«ጊት ኤምቪ» ቀይሩት።

ሞጁሉ ተገኝቶ መከፈት ሲያቅተው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ዲኤልኤል ሎድ ፌይልድ» ካለ መጀመሪያ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢውተብል መኖሩን እዩ። ስክሪን የሌለው የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኦፕን ሲቪ (የምስል ላይብረሪ) «ሊብ ጂኤል» የተባለውን የግራፊክስ ፋይል አጣሁ ካለ፣ መደበኛውን አጥፍታችሁ «ሄድለስ» የሚለውን ዓይነት ጫኑ፤ እሱ መስኮት ስለማይከፍት ሊብ ጂኤልን አይፈልግም።